የቪቫልዲ «ኦርላንዶ»፦ አንድ የተረሳ ኦፔራ፣ ሁለት ንባቦች



የዛሬው ጽሑፌ ከእኛ ሰፈር ራቅ ያለ የሚመስል ጉዳይ የያዘ ነው። አንቶኒዮ ቪቫልዲ የተባለው የቬኒስ ሙዚቀኛ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት «ኦርላንዶ ፉሪዮዞ» የተሰኘ ኦፔራ ደርሶ ነበር። ትርጉሙ «ያበደው ኦርላንዶ» እንደ ማለት ነው። ይህ ሥራ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተረስቶ ከኖረ በኋላ በእኛ ዘመን ተነሥቶ በሸክላና በሲዲ ተቀርጿል። ከተቀረጸባቸው መካከል ሁለቱን፣ የ1977ቱንና የ2004ቱን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ስሰማ ከርሜአለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ኑሮዬን የምገፋው ታክሲ በማሽከርከር ነው፤ ሀገር ቤት ሳለሁ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ስለዚህ እነዚህን ቅጂዎች የምመዝናቸው በንባብ አስተማሪ ጆሮ ነው። ይህን መናገሬ ለትሕትና ያህል አይደለም። ሁለቱን ቅጂዎች የሚለያያቸው ዋናው ነገር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የንባብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። አንድ አሮጌ ሥራ ከተቀበረበት ሲወጣ ፊደሉ ብቻ ቢወጣ አይበቃም፤ አነባበቡም አብሮ መውጣት አለበት። ይህን አሳብ ነው ከዚህ በታች ለማስረዳት የምሞክረው።

ሰውየውና ሥራው

ቪቫልዲን ብዙዎቻችን በስም ባናውቀው በጆሮ እናውቀዋለን። መሥሪያ ቤት ደውለን «ይጠብቁ» ስንባል በስልኩ የሚለቀቅልን የቫዮሊን ሙዚቃ ብዙ ጊዜ «አራቱ ወቅቶች» የተባለው የእርሱ ድርሰት ነው። ሰውየው በ1678 ቬኒስ ላይ ተወለደ፤ በ1703 ቅስና ተቀበለ፤ ጸጉሩ ቀይ ስለነበረ «ቀዩ ቄስ» ይሉት ነበር። ፒየታ በተባለው የልጃገረዶች ማሳደጊያ ቫዮሊን ሲያስተምርና ሙዚቃ ሲደርስ ኖረ። በ1741 በባዕድ ከተማ፣ ቪየና ላይ፣ ደህይቶ ሞተ።

በሕይወት ዘመኑ ግን ብዙ ከደከመባቸው ነገሮች አንዱ ኦፔራ ነበር። በ1739 በጻፈው ደብዳቤ 94 ኦፔራ መድረሱን ገልጿል። የዛሬ ሊቃውንት በስም ለይተው የሚያውቋቸው ሃምሳ ያህል ናቸው፤ ኖታቸው በሙሉም ሆነ በከፊል የተረፈው ደግሞ ከዚያ ግማሽ አይሞላም። ከተረፉት አንዱ በ1727 መጸው በቬኒሱ የሳንታንጀሎ ቴአትር ቤት የታየው «ኦርላንዶ» ነው።

ግጥሙን የጻፈው ግራዚዮ ብራቾሊ ነው። ታሪኩን የወሰደው ከሎዶቪኮ አሪዮስቶ ታላቅ የትረካ ግጥም ነው፤ ይህም ግጥም መጀመሪያ በ1516፣ ተሟልቶ ደግሞ በ1532 የታተመ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይሄዳል። ኦርላንዶ የተባለው ጀግና አንጀሊካን ይወዳል፤ አንጀሊካ ግን ልቧን የሰጠችው ለሜዶሮ ነው። ሁሉም የተሰበሰቡት አልቺና በምትባል ጠንቋይ ደሴት ላይ ነው። ሩጄሮ የሚባል ሌላ ጎበዝ እዚያው ደሴት ላይ ከአስማት ውኃ ጠጥቶ እጮኛውን ብራዳማንቴን ጭራሽ ይረሳታል። ኦርላንዶ በበኩሉ አንጀሊካና ሜዶሮ ስማቸውን በዛፍ ልጥ ላይ ቀርጸው ባየ ጊዜ አእምሮውን ይስታል። ጥሩሩን አውልቆ ይጥላል፤ ከራሱ ጋር ያወራል፤ ይስቃል፤ ይቆጣል። በዚያው እብደቱ ሳያውቀው የአልቺናን አስማት ይሰብራል። በመጨረሻ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ አእምሮው ይመለስለታል፤ ለአንጀሊካና ለሜዶሮም ይቅርታ ያደርጋል።

ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ከተረቱ ሥር ያለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፦ አንድ ጠንካራ ሰው የተመካበት ነገር ሁሉ ባንድ ቀን ከእጁ ሲወጣ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል?

ሁለት የሞቱ ልጆች ያስነሡት ጽሑፍ

ቪቫልዲ ከሞተ በኋላ ለራሱ ይዟቸው የነበሩት የእጅ ጽሑፎች ከአንዱ ሰብሳቢ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ቆይተው ከመኳንንት ቤት ገቡ፤ ኋላም በውርስ ለሁለት ተከፈሉ። በ1926 በሰሜን ጣልያን በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር የሚገኝ አንድ የሳሌዝያን መነኮሳት ትምህርት ቤት ለሕንፃው እድሳት ገንዘብ ቸገረው። በውርስ ያገኛቸውን አሮጌ የኖታ ጥራዞች ለመሸጥ አስቦም ዋጋቸው እንዲገመትለት የቱሪን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን ጠየቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሉዊጂ ቶሪና የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ታሪክ መምህር አልቤርቶ ጀንቲሊ ጥራዞቹን ሲመረምሩ ዐሥራ አራቱ የቪቫልዲ ሆነው ተገኙ።

ቤተ መጻሕፍቱ መግዣ አልነበረውም። ሮቤርቶ ፎዋ የተባለ ባለ ገንዘብ በሕፃንነቱ የሞተበትን ልጁን የማውሮን መታሰቢያ አድርጎ በ1927 ገዝቶ ሰጠ። ጀንቲሊ ጥራዞቹን ሲያጠና የጎደለ ግማሽ መኖሩን ተረዳ። ተፈልጎ ሌላው ወራሽ ዘንድ ተገኘ። ይህንንም ፊሊፖ ጆርዳኖ የሚባል ባለ ፋብሪካ፣ እርሱም ሬንዞ የሚባል ልጁ ሞቶበት ነበርና፣ በ1930 ገዝቶ አበረከተ። ዛሬ ቱሪን ላይ 27ቱ የቪቫልዲ ጥራዞች፣ 450 የሚያህሉ ሥራዎችን ይዘው፣ በሁለቱ ልጆች ስም ይጠራሉ። ለዚህ ግኝት የደከመው ጀንቲሊ ግን አይሁዳዊ ስለነበረ በ1938 በወጣው የፋሺስቶች የዘር ሕግ ከመምህርነቱ ተባረረ። ያ መንግሥት በሀገራችን ላይ ምን እንደ ሠራ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ጽሑፉ ተገኘ ማለት ግን ሙዚቃው ተሰማ ማለት አልነበረም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ፣ የ«ኦርላንዶ» ኖታ ቱሪን ላይ መደርደሪያ ውስጥ ሆኖ ገና ብዙ ዓመት ይጠብቅ ነበር።

የ1977ቱ ቅጂ

ኦፔራውን በሸክላ አስቀርጾ ለዓለም ያሰማው ክላውዲዮ ሺሞኔ ነው፤ ያቋቋመው ኦርኬስትራ «ኢ ሶሊስቲ ቬኔቲ» ይባላል። ቅጂው የተሠራው በ1977 ሲሆን ኦርላንዶን ሆና የዘፈነችው ታላቋ አሜሪካዊት ሜሪሊን ሆርን ናት። አንጀሊካን ቪክቶሪያ ዴ ሎስ አንኼሌስ፣ አልቺናን ሉቺያ ቫለንቲኒ ቴራኒ ተጫውተዋል። በማግስቱ ዓመት በቬሮና ከተማ በመድረክ ታየ። ከዚያ ወዲህ ቪቫልዲ የቫዮሊን ሰው ብቻ አለመሆኑን ዓለም መቀበል ጀመረ። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ የ1977 ሰዎች ባይደፍሩ የ2004 ሰዎች ባልተነሡ ነበር።

የሆርን ችሎታ ዛሬም ያስገርማል። ኦርላንዶ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ዕጣ ፈንታውን እየተገዳደረ የሚዘፍነው ፈጣን ዘፈን አለ፤ ድምፅ እንደ ዶቃ ተሰክቶ የሚወርድበት ነው። ሆርን አንዲት ዶቃ ሳትጥል ታወርደዋለች። ከሁለቱ ቅጂዎች ለዚህ ዘፈን የምመርጠው የእርሷን ነው።

ይሁን እንጂ ሺሞኔ ሥራውን እንዳለ አላቀረበም። ርዝመቱን ቀነሰ፤ አንዳንድ ዘፈኖችን አወጣ፤ አንዳንዶቹን ከቦታቸው አዛወረ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ሬቺታቲቮ የሚባሉት ክፍሎች ናቸው። ኦፔራ በሁለት ነገር ይቆማል። አንዱ አሪያ፣ ማለትም ሙሉ ዘፈን ነው። ሁለተኛው ሬቺታቲቮ ሲሆን በንግግርና በዜማ መካከል ያለ፣ ታሪኩ የሚራመድበት ክፍል ነው። በ1977 ሬቺታቲቮው እንደ መሸጋገሪያ ተቆጠረ። አድማጩ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ ተቆረጠ፤ የቀረውም ከባድና ቀርፋፋ ሆኖ ተነበበ። ውጤቱ የሚያምሩ ዘፈኖች ስብስብ ሆነ። ሰዎቹ ለምን እንደሚዘፍኑ ግን እየጠፋን እንሄዳለን።

ስለ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያ ጥቂት መናገር ግድ ይላል። የሺሞኔ ሙዚቀኞች የተጫወቱት በዘመናዊ መሣሪያ ነበር። ከእነርሱ ቀድሞም ሆነ ጎን ለጎን ግን ሌላ እንቅስቃሴ ነበረ። ኒኮላውስ ሃርኖንኩርት ቪየና ላይ በ1953 ባቋቋመው ቡድን የጥንቱን ሙዚቃ በጥንቱ መሣሪያ ለመጫወት ተነሥቶ ነበር። ከእርሱ ወዲህ ብዙዎች ይህንን መንገድ ተከተሉ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የዛሬ ቫዮሊን አውታሩ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ በብርቱ ተወጥሮ ትልቅ አዳራሽ ይሞላል። የቪቫልዲ ዘመን ቫዮሊን አውታሩ ከበግ አንጀት የሚፈተል ነበር። ደጋኑም ቀለል ያለና ወደ ውጭ የጎበጠ ነበር። ዋሽንቱ የብረት ሳይሆን የእንጨት ነበር፤ ቀንደ መለከቱም የዛሬው ዓይነት መዝጊያና መክፈቻ አልነበረውም። ፒያኖ ባለበት ቦታ ሃርፕሲኮርድ ነበር፤ እርሱም ቁልፉ ሲነካ አውታሩን በላባ ሹል የሚቆነጥጥ መሣሪያ ነው።

የበግ አንጀት አውታር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የበገናችን ዐሥር አውታሮች በልማድ የሚሠሩት ከዚሁ ነው፤ ዛሬ ብዙዎች ናይለን ቢተኩበትም። በገና በአንጀት አውታር ሲደረደርና በናይለን ሲደረደር የሰማ ሰው የማወራውን ወዲያው ይረዳል። የአንጀት አውታር ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሲነሣም ሲጠፋም ይሰማል። ቃል አፍ ውስጥ ተነሥቶ ወድቆ እንደሚያልቅ ዓይነት ነው። የብረት አውታር ግን ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለውን ተረት አባቶች የተናገሩት ለቫዮሊን ብለው አይደለም፤ ግን ይስማማዋል።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንጀት አውታር በራሱ ማንንም እውነተኛ አያደርግም። በጥንቱ መሣሪያ አሰልቺ ሆነው የተቀረጹ ኦፔራዎች ሞልተዋል። የመሣሪያው ጥቅም ሌላ ነው፤ ኖታው እንዴት እንደሚነበብ ለተጫዋቹ ያስተምረዋል። ቀላሉ ደጋን ረጅም ድምፅ መጎተት ስለማያመቸው ተጫዋቹ አጫጭር ሐረግ እንዲናገር ያስገድደዋል። እዚህ ላይ ነው ወደ ድሮ ሙያዬ የምመለሰው።

ላልቶና ጠብቆ

በአማርኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ከተነበበ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ከሁሉ የበለጠው ነው። «ይመታል» ስንል መቺው ይሁን ተመቺው የሚታወቀው በማላላትና በማጥበቅ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። የሚያውቀው አንባቢው ነው። እንዴት አወቀ ቢባል ከሰው አፍ ሰምቶ ነው። የግዕዝ ንባብ መምህራንም ተማሪው ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ለይቶ እስኪያነብ ድረስ ከፊታቸው የማያስነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

የቪቫልዲ ኖታም እንደዚሁ ነው። ብዙውን ነገር አይጽፍም። ለሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ የሚሰጠው ታችኛውን ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ከላዩ ቁጥር ያኖርበታል። የቀረውን ተጫዋቹ ራሱ ይሞላል። አሪያው ሦስት ክፍል አለው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ አንደኛው ይደገማል። ሲደገም ዘፋኙ ጌጥ ይጨምርበታል ተብሎ ይጠበቃል፤ ጌጡ ግን አልተጻፈም። ጥሩ የትዝታ ዘፋኝ ሲመልሰው ያንኑ እንደማይደግም ሁሉ ማለት ነው። የትኛው ድምፅ ይበርታ፣ የትኛው ይለስልስ፣ የትኛው ይቆረጥ፣ ብዙው አልተጻፈም። የቬኒስ ሙዚቀኛ ከመምህሩ ሰምቶ ያውቀዋል።

እንግዲህ የ1977ቱን ቅጂ በዚህ ዓይን እንየው። ፊደሉ አልተሳሳተም። ዜማው ትክክል ነው። ማላላትና ማጥበቁ ግን የሌላ ዘመን፣ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኦፔራ ነው። አማርኛን አጥርቶ የሚያነብ፣ ነገር ግን «ገና»ን ሁልጊዜ አጥብቆ የሚያነብ ሰው ይመስላል።

የ2004ቱ ቅጂ

በ2000 ናኢቭ የተባለው የፈረንሳይ ሸክላ አሳታሚ በጣልያናዊው ሊቅ በአልቤርቶ ባሶ ጠንሳሽነት የቱሪኑን ስብስብ በሙሉ በጥንቱ መሣሪያ ለማስቀረጽ ተነሣ። በዚሁ ዕቅድ ውስጥ «ኦርላንዶ» በ2004 በሦስት ሲዲ ወጣ። መሪው ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች የሆነው ፈረንሳዊው ዣን ክሪስቶፍ ስፒኖዚ ነው። ኦርኬስትራው መቀመጫው በብሬስት ከተማ የሆነው «አንሳምብል ማተየስ» ነው። ኦርላንዶ ካናዳዊቷ ማሪ ኒኮል ልሚዩ ናት፤ አልቺና አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ላርሞር፤ ሩጄሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ዣሩስኪ።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ዘፈን ይበቃል። ሩጄሮ የአስማቱን ውኃ ከጠጣ በኋላ ለአልቺና የሚዘፍነው የፍቅር አሪያ አለ፤ ከአንድ ዋሽንት ጋር ነው የሚሄደው። ከኦፔራው ሁሉ በጣም ጣፋጩ ዜማ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ ዘፋኙ የሚናገረው የራሱን ልብ አይደለም። ያደረበት አስማቱ ነው። ጣፋጩ ዜማ ውሸት ነው ማለት ነው።

በ1727 ይህ ክፍል የተጻፈው ለቀጭን የወንድ ድምፅ ነበር። ሺሞኔ ግን ለሴስቶ ብሩስካንቲኒ ሰጠው፤ እርሱም ባሪቶን፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ዜማው ወርዶ ይዘፈናል። ዋሽንቱ ላይ፣ ዘፋኙ ታች ሆነው ተራርቀው ይሄዳሉ። ብሩስካንቲኒ ታላቅ ዘፋኝ ነው፤ ነገር ግን የምንሰማው ዕድሜ የጠገበ፣ የሚናገረውን የሚያውቅ አፍቃሪ ነው። አስማቱ የለም።

በ2004 ዣሩስኪ ሲዘፍነው ድምፁና የእንጨቱ ዋሽንት አንድ ከፍታ ላይ ሆነው እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። አንዳንዴ የትኛው ሰው፣ የትኛው እንጨት እንደሆነ ለመለየት ያዳግታል። ስፒኖዚ ኦርኬስትራውን እስከ ትንፋሽ ድረስ ዝቅ ያደርገዋል። ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ይመስላል። ያን ጊዜ ከጣፋጩ ዜማ ውስጥ ብርድ ብርድ የሚል ነገር ይመጣል፤ የተረሳችውን ብራዳማንቴንም እናስባታለን። ያው ዜማ፣ ያው ፊደል ነው፤ አነባበቡ ግን ትርጉሙን ለወጠው። (ይህን ዘፈን መኪና ውስጥ መስማት አይቻልም፤ ሞተሩ ይውጠዋል። ቤት ገብቶ ሁሉም ሲተኛ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው።)

ሁለተኛው ምስክር እብደቱ ነው። ሃንደል በ1733 ለንደን ላይ ባቀረበው የራሱ «ኦርላንዶ» ውስጥ ለእብደቱ ታላቅ የሙዚቃ ትእይንት ሠርቶለታል። ቪቫልዲ ከስድስት ዓመት በፊት የመረጠው መንገድ የተለየ ነው። ጀግናው አእምሮውን ሲስት የሚበዛለት ዘፈን ሳይሆን ሬቺታቲቮ ነው። እብድ ዘፈን ጀምሮ አይጨርስም። ይናገራል፤ ይሰበራል፤ ኦርኬስትራው በመሐል ይገባበታል፤ ዝም ይላል። እንግዲህ ሬቺታቲቮን እንደ መሸጋገሪያ የቆጠረ ሰው የኦፔራውን ልብ አልፎት ሄዷል ማለት ነው። ልሚዩ እዚህ ላይ ትስቃለች፣ ታንሾካሹካለች፣ ትጮኻለች። ጣልያንኛ ባናውቅ እንኳ ቃል ከቃል ሲለያይ፣ አሳብ ከአሳብ ሲበጠስ ይሰማናል። ሬቺታቲቮው ሙሉ በመሆኑም ወደዚህ ሁኔታ እንዴት እንደ ደረሰ ደረጃ በደረጃ አይተነዋል።

ጉድለቶቹ

የ2004ቱ ቅጂ ግን ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ስፒኖዚ ቁጣ ባለበት ቦታ ሁሉ ኦርኬስትራውን እንደ አለንጋ ያጮኸዋል። መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ሦስተኛው ሲዲ ላይ ስንደርስ ግን ለምደነዋል። ሁሉም ነገር የጠበቀ ከሆነ ማጥበቅ ትርጉም ያጣል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን የኦርላንዶ ፈጣን ዘፈን ልሚዩ በፍጥነቱ ብዛት አንዳንድ ቃል ትውጠዋለች፤ ሆርን ግን አትውጥም።

ሌላው ጉዳይ «እንደ ጥንቱ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በ1727 ሩጄሮንና ሜዶሮን የተጫወቱት በልጅነታቸው የተሰለቡ ወንዶች ነበሩ። ያንን ድምፅ ማንም አይመልሰውም፤ መመለስም የለበትም። ዣሩስኪ በስልጠና ቀጭኑን ድምፁን ያዳበረ ሙሉ ወንድ ነው፤ ስለዚህ የምንሰማው ድምፅ የጥንቱ አይደለም። በአንጻሩ ኦርላንዶን በመጀመሪያው ቀን የተጫወተችው ሉቺያ ላንቼቲ የተባለች ሴት ነበረች፤ ስለዚህ ሆርንም ልሚዩም በዚህ በኩል ከልማድ አልወጡም። እንግዲህ ማንም አሳታሚ በሲዲው ሽፋን ላይ የጥንቱ ራሱ ነው ብሎ ቢጽፍ በጥርጣሬ ማየት ነው። የሚቻለው በጥንቱ ሰዋስው ዛሬ መናገር ነው።

እያንዳንዱ ዘመን ሲያነብ የሚቆርጠው ነገር አለ። ብራቾሊም ቆርጧል፤ የቆረጠውም እኛን ይነካል። በአሪዮስቶ ግጥም ውስጥ አስቶልፎ የሚባል ባላባት በክንፋም ፈረስ በርሮ የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ ነው። እዚያ ሰናፖ የሚባል ዓይነ ስውር ንጉሠ ነገሥት ያገኛል፤ አሪዮስቶ ይህ እኛ ቄስ ዮሐንስ የምንለው ነው ይላል። አስቶልፎ የንጉሡን ማዕድ የሚያረክሱትን ጭራቅ ወፎች ያባርርለታል። ከዚያም አልፎ ወደ ምድራዊ ገነት ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ጨረቃ ደርሶ የኦርላንዶን አእምሮ በጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። በግጥሙ ኦርላንዶ የሚድነው በኢትዮጵያ በኩል በዞረ መንገድ ነው ማለት ነው። በቪቫልዲ ኦፔራ አስቶልፎ አለ፤ ኢትዮጵያ ግን የለችም። ጉዳዩ በእንቅልፍ አለቀ። ይህን የማነሣው ለኩራት አይደለም፤ የአሪዮስቶ ኢትዮጵያ በፌራራ ከተማ የታለመች ናት። የማነሣው ሺሞኔን ቆረጠ ብለን ስንወቅስ ከእርሱ በፊትም መቀስ እንደነበረ እንዳንረሳ ነው።

ለምን ይጠቅመናል?

የሁለት መቶ ዓመት ዕዳ ለመክፈል ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። የእኔ መልስ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት ውስጥ አለ። እዚህ ባዕድ ሀገር የተወለዱ ልጆቻችን 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፐ ይለቅማሉ። እናጨበጭባለን። ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ስናስነብባቸው የላላውን አጥብቀው፣ የጠበቀውን አላልተው ያነቡታል። ፊደሉ ተላልፏል፤ ንባቡ አልተላለፈም። ፊደል በመጽሐፍ ይተላለፋል። ንባብ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ ያ ሰንሰለት አንድ ትውልድ ላይ ከተበጠሰ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የቪቫልዲ ታሪክ ያሳየናል። ጽሑፉ በ1930 ሙሉ ሆኖ ቱሪን ገባ። ሙዚቀኞች አነባበቡን እንደገና ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ ወሰደ። እነርሱም ቢሆኑ የፈለጉት በአሮጌ መጻሕፍትና በአሮጌ መሣሪያዎች ውስጥ ነው፤ የሚጠይቁት ሽማግሌ አልነበራቸውም። እኛ አሁንም አሉን።

ለአድማጭ የምመክረው ይህን ነው። ሁለቱንም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዋስ ይቻላል። መጀመሪያ የሩጄሮን የዋሽንት ዘፈን በሁለቱም ስሙ። ቀጥሎ የሁለተኛውን ክፍል መጨረሻ፣ ኦርላንዶ የዛፉን ጽሑፍ ሲያነብ፣ በ2004ቱ ቅጂ ስሙ። የጣልያንኛውን ቃል በሌላ ቋንቋ ትርጉሙ ይዛችሁ ተከተሉት። ችሎታ ለማድነቅ ሆርንን፣ ታሪኩን ለመረዳት ልሚዩን ምረጡ። አንዱን ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ግን የ2004ቱን ይግዛ እላለሁ፤ ምክንያቱም ኦርላንዶ ለምን እንዳበደ የሚነግረን እርሱ ነው።

ቸር ያሰንብተን።